ያለ ደንገጎ

ሦስት ቁራጭ ጽጌረዳ፣ በርጥብ ኮባ ጠቅልዬ፣
ከሐረር ስወርድ በደንገጎ፣ ጭኔ ላይ እሹሩሩ ብዬ፣
ኬላ ላይ ፈታሹ፣ ጫት መስሎት፣ እጁን ሲሰድ እሾህ ወጋው።
«ይሄ ደግሞ በምን ይቃማል?»
ሚኒባሱን ሳቅ ናጠው።

የድሬ ምድር አሸዋ ነው፤ ክንድ ሙሉ ጉድጓድ ማስኩ፣
የፍየል በጠጥ ከአፈር ለወስኩ።
ውሃው በተራ ነው፣ በሌሊት፤ ማንቆርቆሪያ የሚያነጣ፣
ባልዲ ይዤ ስጠብቀው፣ ስንቴ ጨረቃ ወጣ።

ሮብሌ፣ የባቡሩ ጡረተኛ፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣
«የብርድ ልጅ ናት» አለኝ፣ «እንዴት ትኖራለች ያለ ደንገጎ?»

ሁለቱ ደረቁ በግንቦት።
ከሦስተኛዋ ጎን፣ ቅዳሜ፣
የክብሪት ራስ የመሰለ ቀይ ነገር ብቅ አለ፤
በርከክ ብዬ አየሁ ደግሜ።
ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ሁለት ካስማ ተተክሎ፣
የሮብሌ ሽርጥ ተወጥሯል፣ ጥላው እሷ ላይ ውሎ።
ስጠይቀው፣ «አላየሁም» ይላል።
በዚያ ሙቀት፣ በሱሪ ውሏል።