መጫኛ

ጠባሴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ብርዱ ቆርቆሮው ላይ ይንቋቋል፤
የላፕቶፔ ማራገቢያ፣ ዳገት እንደያዘች በቅሎ፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል።
ሰማንያ ከመቶ።
ሰማንያ አንድ።
መብራት ሄደ።
ባትሪው የሞተ ነው፤ የገነባሁት ሁሉ እንደ ጉም ፈረሰ፤
ጋቢ ደርቤ ጠበቅሁ፣ ሊነጋ ሲል ተመለሰ።

አባቴ ሸዋንግዛው ጫኝ ነበር፤
በጣርማበር ቁልቁል፣ ገብስ ይዞ ወርዶ፣ ማሽላ ይዞ ሲመለስ።
«ጭነት ሚዛን ነው» ይለኝ ነበር፣ መጫኛውን እያጠበቀ፣
«አንዱ ጎን ከከበደ በቅሎዋም ወደቀች፣ እህሉም አለቀ።
ደግሞ ገመድህን ከቤትህ ያዝ፤ እደርስበታለሁ ባልከው አገር ገመድ የለም።»

ይኸው እኔም በሌላ ጀርባ ላይ ያንኑ እጭናለሁ፤
ኮዱን በነጻ የለቀቁት ሌሎች ናቸው፣ ፊታቸውን አላውቅም፤ እኔ መቋጠሩን እችላለሁ።
የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ነው። የጎደለ እንዳይኖር ገመዱን ጨምሬ፣
ኢንተርኔት ለሌለው፣ ለአሮጌ ዊንዶውስ፣ በአንድ ፋይል ቋጥሬ፣
ወደ መሐል ሜዳ ላክሁት፤ ፍላሹ በአይሱዙ ሹፌር ኪስ ሄደ።

ይርገዱ ደወለች፣ የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ጠባቂ፤
«‹አሳታሚው አይታወቅም› ይለኛል፤ ልፍራ እንዴ?»
እውነቱን ነው። ማን ያውቀኛል?
የሚያሳውቀው ማኅተም በዶላር ነው የሚሸጠው።
«አትፍሪ፣ ‹ይሁን› በይው።»
አለችው። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

ሦስት ቀን ሙሉ አህያውን ፈርቼ ዳውላውን መታሁ፤
ፍላሹን ሰደብሁ፣ አይሱዙውን ሰደብሁ፣ የመንዝን አቧራ ሰደብሁ።
በአራተኛው ቀን የስክሪኑን ፎቶ ላከችልኝ፤
በስሟ ቦታ አራት የጥያቄ ምልክት።

ለካ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ስሟን በፊደል ጽፋለች፤
በ«ይ»፣ በ«ር»፣ በ«ገ»፣ በ«ዱ»፤
ፋይሎቹ ደግሞ በዚያው ስም በር ነው የሚሄዱ።
የእኔ መጫኛ ማንበብ አልቻለም፤
ድልድይ እንዳየች በቅሎ አራት ፊደል ፊት ተገትሮ ቀረ።
እኔ፣ ፊደል ቆጥሬ ያደግሁት፣ ፊደል የማይቆጥር ሠርቼ።

ያረምሁት አንድ መስመር ነው። አንድ።
ይርገዱ «ገባ!» ብላ ጮኸች፤ ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

ማራገፊያውን የጻፍሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም።
አባቴ ጭነት ባወረደ ቁጥር እጁን በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ያሳልፍ ነበር፤
«ምን እየፈለግህ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።
«ምንም አለመኖሩን።»