ለማክሰኞ ያደረ

ሰባት ወንበር አለ በአሮጌው ምክር ቤት፣
ከአቧራ ጋር ጨውም የምጠርግበት።
የአንዱን እግር አስሮታል የጀልባ ገመድ፣
አስታማሚ እንዳጣ የታመመ ዘመድ።

ኡም ሲድራ ያኔ ትንሽ፤ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ወደብ፣
ዕንቁ ጠላቂና የደረቀ መረብ።
መዝገቡ ተገልጦ መስታወት ሥር አለ፤
ኮልታፋ ዓረብኛዬ ፊደል እየዘለለ፣
ዓመት ፈጀብኝና ለቀምኩት በመስመር፦
«የበርሜል ውሃ ዋጋ ሩብ ሩፒ ይጨመር።»
«ለፋኖስ አብሪው ለኻልፋን ጋዝ በጣሳ ይሰፈር።»

ዓሣ ሻጭ ሴቶቹን ፀሐይ እንዳይፈጃቸው
ዳስ ይሠራ ሲባል፣ ዘጠኝ ጊዜ አጣላቸው፤
ኡበይድ ይሁን ሲል ገንዘብ ያዡ ካደ፤
አንዱ ነጠላ ጫማውን ረስቶ ሄደ።
«ዳሱ ለማክሰኞ ይደር» ነው መጨረሻው፤
ከዚያ ባዶ ገጽ ነው፣ ምስጥ የቀመሰው።

ነዳጅ ወጣ አሉ። ከዋናው ከተማ
ሰኞ መኪና መጥቶ ማኅተሙን ወሰደ፣ ማንም ሳይሰማ።
ዳሱ አልተሠራም። ዛሬ እዚያ ቦታ
ሱቅ አለ፣ ቅዝቃዜው አጥንት የሚመታ።

ሞዛ፣ ያኔ ዓሣ ትሸጥ የነበረች፣
በየሳምንቱ መጥታ በሩን ትገፋለች።
«ተወሰነ?» ትለኛለች።
«ለማክሰኞ አደረ» እላታለሁ።
ትስቃለች፤ ጥርስ የላትም።
ገመድ በታሰረው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።
ክልክል ነው፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።
እኔ ወለሉን እያየሁ እወለውላለሁ።