የፒስቶን ውሃ

በኢስታፓላፓ ቧንቧ ያስላል እንጂ ውሃ አይወርደውም፤
ቦቴ ያልመጣበት ቀን፣ ቀን ተብሎ አይቆጠርም።
ማክሰኞ ወይ ሐሙስ፣ ሹፌሩን ደስ ሲለው፣
ጎማው ከታች መንገድ ሲያቃስት ስንሰማው፣
በርሜል እናንከባልላለን፣ ባልዲ እንሻማለን፤
ከክርስትና እናት ጋር እንኳ ለአንድ ጀሪካን እንጣላለን።

እንዲህ ባለው ሰፈር፣ ዮአሊ ልጃችን
ከትምህርት ቤት ባልዲ አምጥታ ደቀነችብን።
ውስጡ አሆሎቴ፤
ዓሣም ያልሆነ፣ እንሽላሊትም ያልሆነ፣
ዕድሜ ልኩን ጨቅላ ሆኖ ሊቀር የወሰነ፣
የዐይን ቆብ ያልተሰጠው፣ ላንዴ እንኳ የማይጨፍን፣
የሚያርገበግብ ቀይ ላባ የመሰለ ስንጥቡን፤
ፊት ለፊት ሲያዩት ፈገግ ያለ ይመስላል፤
ከልቡ ይሁን ከአፉ ቅርፅ፣ ማን ያውቃል።

አንድ እግሩ የለም። የፊት ቀኙ።
“ባልንጀራው ነክሶ ቆረጠው” አለች፣ “ሲርባቸው እንዲህ ናቸው።”
ባሌ ኤርሚሎ ጎንበስ ብሎ አየው፤
ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተው።

ሁለት ጣቶቹን የቶርኖ ማሽን የበላው ካቻምና ነው፤
ፋብሪካው አበባ ላከ፤ ካሣው ገና መንገድ ላይ ነው።
ከዚያ ወዲህ በግራው ይበላል፣ በግራው ይጨብጣል፤
ቀኙን ከእኔም ቢሆን በጨለማ ብቻ ያወጣል።

ውሃ የሚያሳድረው እሱ ሆነ።
የቦቴው ውሃ ክሎሪን ይሸታል፣ ክሎሪን ስንጥብ ያቃጥላል፤
ባልዲዬ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ሳይከደን ይቀመጣል።
የሸሚዙን አንገት በምን ልጠብ? ባቄላውን በምን ልቀቅል?
“ለእጩ እንቁራሪት” አልኩት፣ “የእኔ ጉሮሮ ይቃጠል?”
ዝም።

ንጋት ላይ ከቁልቋሉ ሥር ድንጋዩን ገልብጦ
የምድር ትል ይለቅማል፣ በሦስት ጣት ቆንጥጦ፤
ያጥባል፣ ረጅሙን ለሁለት ይቆርጣል፤
በሁለት ቀን አንዴ ነው፣ ከበዛ ሆዱ ይነፋል ይላል።
ጠጠሩን ከሣጥኑ አወጣ። “ያገኘውን ይውጣል፣ አይመርጥም” አለኝ፤
ያገባሁትን ሰው አሰብኩና ሳቄ አመለጠኝ።
ፒስቶን ብሎ ሰየመው፤ አየር ሊጎርስ ሽቅብ፣ ጎርሶ ቁልቁል፣
ሠላሳ ዓመት ሲጠግነው የኖረውን ነገር ይመስል።

ሚያዝያ ገባ። ቆርቆሮው ጋለ። መብራት ጠፋ።
የፒስቶን ስንጥብ ወደ ፊት ታጠፈ፤ ትል ቢሰጡት ተፋ።
ሙቀት ይገድለዋል፤ የቀዝቃዛ ውሃ ዘመድ ነው።
ኤርሚሎ በእኩለ ሌሊት ወጣ፤ ጀኔሬተር ካላት፣
ከሥጋ ሻጯ ከዶና ኤውፍሮሲና ቤት፣
በረዶ የሠራ ሁለት ጠርሙስ ይዞ መጣ፤
አንዱ ሲሟሟ ሌላውን እየከተተ፣ እያወጣ፣
ሲነጋ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎት አገኘሁት፤
ቀኝ እጁ ውሃው ውስጥ ነበር፣ ሁላችንም ልናየው በምንችልበት።

በሰኔ ከጉማጁ ጫፍ አንዲት እብጠት ወጣች፤
መጀመሪያ ሰሊጥ፣ ቀጥላ ምስር አከለች፣
እንደ ማንኪያ ተዘረጋች፣ ተሰነጠቀች።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራት። የፊት እግራቸው አራት ጣት ነው፤
ጎድሎ አይደለም፣ ልኩ ነው።

እኔ ፈራሁ። ቅናት ሰው ሲበላ አውቃለሁ፤
“ለእሱ ያበቀለ ለእኔስ” ይላል ብዬ ጠበቅሁ።
እሱ ግን ትል ይዞ ቀኝ እጁን ሰደደ።
ፒስቶን ትሉን ስቶ የጣቱን ጉማጅ ጎረሰ፣
እንደ ሕፃን ድድ።
ኤርሚሎ ጮኸ። ከጓዳ እየሮጥኩ ወጣሁ፤
ለካ እየሳቀ ነው፤ ካቻምና የጠፋ ሳቁን ሰማሁ።
“ማሽኑ ውጦ አስቀረኝ” አለ፣ እንባው በአገጩ እየወረደ፣
“ይኼ ግን መልሶ ተፋኝ።”

ዛሬ ሐሙስ ነው። ቦቴው ከታች ያቃስታል።
ኤርሚሎ በሩ ላይ በሁለት እጁ ባልዲ ይዟል።
መጀመሪያ የሞላው ለፒስቶን ይደር፤
ሸሚዙም ይቆይ።
ባቄላው ግን አይቆይም።
በእሱ ገና እንጣላለን።