በመስመር ላይ

ጉደይቢያ፣ ከካርጎ ቤቱ ሥር፣ ከላውንደሪው ጓዳ፣
ቀኝ እጄ ካውያ ሲገፋ፣ ግራ ጆሮዬ ትምህርት ሲቀዳ፣
ሌሊቱ ይጋመሳል።
እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣል፣ የኤሲው ጠብታ ቁልቁል፤
ስልኬ ከስታርች ጣሳው ተደግፎ ቆሟል፣
ስንጥቁ በመምህሩ ግንባር ላይ ያልፋል፣
ፊቱን እንደ ወሰን ክርክር ለሁለት ይከፍላል።

«የዲጂታል ንቃት» ይላል ኮርሱ፣ «ለመምህራን፣ ሁለተኛ ዲግሪ»።
ኮምቦልቻ ሲቪክስ ነበርኩ እኔ፣ የሰባተኛ «ሐ» አስተማሪ፤
ዛሬ የቶብ ኮሌታ አቃኚ፣ የሰው እጅጌ አሳማሪ።

አንድ ማታ «ካሜራ ክፈቱ» አለ፣ «እስቲ እንተያይ»።
ከፈትኩ። ከኋላዬ አርባ ነጭ ቶብ፣ ከሽቦው ላይ፣
ራስ የሌለው፣ እግር የሌለው፣ ትከሻው ቀጥ ያለ ሰልፈኛ።
«ተማሪዎችሽ ናቸው?» አለኝ፤ ምስሉ ደብዝዞበት ይሆናል፣ ወይ ቀልደኛ።
«አዎ» አልኩት፣ «ዛሬ ማንም አልቀረም»።
ልብሱም በመስመር ላይ፣ እኔም በመስመር ላይ፤
አልዋሸሁም።

የእውነቶቹ የሚመጡት አርብ ነው፣ ከቀትር በኋላ፣
በበረኪና የተላጠ እጃቸውን ሸሽገው ከሻርፕ ኋላ፣
ማዳም ሦስት ሰዓት ቆርሳ የሰጠቻቸው።
ፎቅ ላይ፣ ከሳጥኖቹ መሀል፣ ስልክ በጉልበታቸው።
«ጫኑ» እላለሁ፤ የካርጎው ልጆች ለነሱ መስሏቸው ሳጥን ያነሳሉ፣
ሴቶቹ ይስቃሉ።
ሳጥን ይጫናል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ዲግሪም ይጫናል ይላሉ።
ሰውም ይጫናል።
እሱን አላስተማርኳቸውም፤ ያውቁታል።

ጦይባ ከኋላ ናት፣ ካርቶን ላይ፣ ወሬ አታበዛ፤
ፊደል የጀመረችው ካለፈው ረመዳን ወዲህ ነው፣ አንድ አንዱን እንደ እቁብ ይዛ።
«ሀ» ለምን ሦስት እንደሆነ ጠይቃኛለች፤
«መጠባበቂያ ነው» አልኳት፤ አላመነችኝም፣ ዝም ብላለች።

ያን ሳምንት መልእክት ደረሰኝ፣ ማኅተሙ የዩኒቨርሲቲው፣ ሰላምታው የዩኒቨርሲቲው፦
«መቶ ሰማንያ ዲናር፣ እስከ ነገ፤ ያለዚያ ስምሽ ይሰረዛል»።
ልቤ እንደ ቀለጠ ፕላስቲክ ከካውያው ሥር ይሸታል።
የአራት ወር ቁጠባ ነው፤ እልካለሁ፣ ምን ይደረጋል?
ያውም በዚያው ሳምንት የጻፍኩት ወረቀት ርዕሱ
«ሐሰተኛ መልእክትን መለየት» ነበር። ሳቁ፣ አታልቅሱ።

ጣቴ ከቁልፉ ሊያርፍ ሲል፣ ጦይባ በትከሻዬ አጮለቀች፣
የፈረንጅ ፊደል አታውቅም፤ ስለማታውቅ አፍጥጣ አየች።
«ይቺ ክብ» አለች፣ «በፊት ወፍራም አልነበረችም ወይ?
አሁን ቀጥናለች። ታማ ነው? ወይስ ሌላ ናት? እስቲ ይታይ»።

የድሮውን ከአዲሱ ጎን አስቀመጥኩ።
ከአድራሻው መሀል፣ በፊደሉ ቦታ፣ ዜሮ።
ቀጭን ዜሮ፣ እንደ ተዘጋ በር፣
የአራት ወር ላቤን ሊውጥ የነበር።

እኔ አነበብኩት፤ እሷ አየችው።
ማንበብ የለመደ ዓይን ቃሉን ይዘላል ለካ፤ ጀማሪ ግን ድንጋይ በድንጋይ ነው የሚረግጠው።

ይህን ጻፍኩ፣ ሁሉንም፣ ዜሮዋንም፣ ካርቶኑንም፣ ኀፍረቴንም ጭምር፤
መምህሩ በቀይ መለሰው፣ ከሦስተኛው አንቀጽ ሥር፦
«ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የማን ነው? ማጣቀሻ ይጎድላል»።

ካውያውን አቆምኩ። እንፋሎቱ እስኪወጣለት ጠበቅኩት።
ከዚያ እንደ ደንቡ፣ ጠርዙን ሁለት ጣት ገባ አድርጌ ጻፍኩት፦

ጦይባ፣ የአርብ ክፍል። የቃል ምንጭ።
ጉደይቢያ፣ ከላውንደሪው በላይ፣
ካርቶን ቁጥር ሰባት፣ «ተሰባሪ» የሚል የተለጠፈበት።
አልታተመም።