ደረሰኝ

በርሜል ታቅፋ መጣች፣ በባጃጅ፣ በሐሩር፣
ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከበያጆች ሰፈር።
“እዚህ ጋ ብሳልኝ፣ እዚያ ጋ በይድልኝ፣
መሐሉን በወንፊት ለሁለት ክፈልልኝ።”
“አረቄ ሊወጣበት?” ብዬ ብጠይቃት፣
“ውሃ ላጥብበት” አለች፤ ቀልድ መሰለኝ በእውነት።

ወንዛችን ቦርከና ከክር ማቅለሚያው በታች
ቀን መቁጠሪያ ነበር ለእኛ ለነዋሪዎች።
ቀይ ከሆነ ሰኞ ነው፣ ሰማያዊ ሐሙስ፤
እሑድ ሥራ ሲቆም ነው ፊቱን የሚያብስ።
የሙሄ ጎመን እንኳ፣ ሐሙስ የጠጣውን
ዓርብ በሥሩ ያሳይ ነበር፣ ሰማያዊውን።

ጦይባ ቀለም ቆጥራ፣ ማዕረግ ይዛ ብትመረቅ፣
ዕጣዋ ሆነ ቀለሙን ከውሃ ማስለቀቅ።
መድኃኒቱ የበለስ ልጣጭ ነው፣ ልጅ በልቶ የሚጥለው፣
እሷ አክስላ፣ ፈጭታ፣ በወንፊቱ ላይ የነሰነሰችው።
ከላይ ቀይ ገብቶ ከታች ጠርቶ ሲወርድ
አየሁ፤ በዚያ ሐሩር ወረረኝ ብርድ ብርድ።
ጥናቷ ግን እዚያው፣ ዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ፣
አምስት ዓመት ተኝቷል፣ ከአቧራ በቀር ማንም ሳያይ።

በሬዲዮ ተነገረ፦ አዲስ ነገር ለጀመረ፣
ከመደርደሪያ አውርዶ ገበያ ሊያወጣ ለሞከረ፣
መንግሥት ብር ይሰጣል፤ የማይመለስ ብር።
“የማይመለስ” ሲሉ እኔ የመጣብኝ
ታናሼ ነው፤ በጀልባ ወጥቶ የቀረብኝ።
“አብሽር” አለች ጦይባ፣ “ብድር አይደለም ለማለት ነው።”
“እሺ” አልኩ። ቃል ግን ሚስማር ነው፤ ማን ይነቅለው?

ቅጹ አርባ ገጽ ነበር። የአምስት ዓመት ትንበያ ሙሉ ይላል።
እኔ ነገ መብራት መኖሩን አላውቅም፤ እሷ ግን ሞላችው፤ ይሞላል።
ሦስቴ ደሴ ወጣች፣ ሐረጎን በጭጋግ፤
ማኅተሙ ያለበት ሰው አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ሠርግ።
ተፈቀደ።
የመጀመሪያው ዙር ገባ።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ግዥ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ይላል።
ያንን በርሜል ከነወንፊቱ የሚሠራ፣ እስከማውቀው ድረስ፣
በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።
ጎረቤቴ ፈንታው፣ ከመስኮት ፍርግርግ በቀር የማያውቀው፣
“ስንት ብዬ ልጻፍላት?” አለኝ ዓይኑን ጠቅሶ።
እሷ እምቢ አለች። ደብዳቤ ጻፈች፦
“ከዚህ በፊት ያልነበረ ነው ብላችሁ ሰጣችሁኝ፣
ከዚህ በፊት የሸጡትን አምጪ ብላችሁ ያዛችሁኝ።”
አራት ወር መልስ የለም። ከዚያ አንድ መስመር፦
በልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል።

ሠርቼ አስረከብኩ። ሒሳብ መርማሪው መጣ፤
ለጋ ነው፣ ጫማው ነጭ፣
በብረት ብናኙ መሐል እየመረጠ ይረግጣል።
“ደረሰኝ?” አለኝ።
“ደረሰኝ” አልኩት፣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ ሙሉውን።”
“እኮ፣ የታለ?”
“ግማሹ ብረት ሆነ፤ ግማሹን ልጆቼ በሉት።”
ጦይባ በሳቅ ፈረሰች፣ በርሜሉን ተደግፋ።
እሱም ሊስቅ ነበር፤ ግን ጻፈ፤
ሁለተኛው ዙር ታገደ፣
እኔ የግብር ከፋይ መለያ እስካወጣ፣
የራሴን ጥራዝ እስካሳትም።

አሳተምኩ።
“አራጋው በላይ፣ የብረታ ብረት ሥራ”
ይላል፤ ስሜ በሰማያዊ ቀለም፣
በዚያው በሐሙስ ሰማያዊ።
እስካሁን የተቀደደው አንድ ቅጠል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዙር? “በሂደት ላይ” ይላሉ።
አንዷ በርሜል ግን ማቅለሚያው ጓሮ ቆማለች፤
ወንዙን አይደለም፣ ወደ ሙሄ ቦይ የምትሄደውን
ቀጭኗን ውሃ ብቻ ታጥባለች።
ባለፈው ሰኞ፣ ገና በሬን ስከፍት፣
ሙሄ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል፣ ግራ ገብቶት፦
“ኧረ አራጋው፣
ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?”