ዳማው ምን በላ?

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ ለውል፣ ለማመልከቻ፣ ለሰው ጠብ።
ገጹን በአሥር ብር እተይባለሁ፤
ክስም ሆነ የሠርግ ጥሪ፣ አልመርጥም፣ እቀበላለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ግን እትዬ አምሳለ ይመጣሉ፣
ባለካሬ ደብተራቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው
«እንዴት ሰነበትክ?» ይላሉ።
የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተዋል፤
አሁን ለልጆች ፈረስ ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ ክንፍ አብቅሏል።
እሳቸው ራሳቸው እርካብ ረግጠው አያውቁ፤
ጋሪ ሲሳፈሩ እንኳ የሰው ክንድ ነው የሚጠብቁ።

የዚያ ሐሙስ ምዕራፍ፦ ዳማው፣ የደነባው ዳማ፣
ጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ ጉሙ ሲጠራው ሰማ፣
ወደ ኋላ ሸሸ፣ ተንደረደረ፣ ዘለለ —
ያኔ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ከሰለ።

አላስቀመጥኩትም ነበር። አራት ገጽ፣ ሙሉው ዝላይ፣
ፈረሱ ገደሉን ለቆ፣ ሳያርፍ ቀረ ጉሙ ላይ።
እኔን ላብ አጠመቀኝ፤ እሳቸው ሳቅ አሉና፣
«ተወው፣ እዚያው ይቆይ፤ የጉም መንገድ ለሱ አዲስ አይደለምና።»

ሻማ ለኮስኩ። እሳቸው ደብዳቤ አወጡ፤
ከእነዋሪ፣ በእርሳስ፣ ፊደሎቹ እንደ ፍየል ከመስመር ያመለጡ፦

«ለእትዬ አምሳለ። መጽሐፍሽን አንብቤ ጨረስኩ፤
ሦስት ጊዜ። ወንድሜ ሲቀማኝ ደግሞ አለቀስኩ።
አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ ዳማው ምን ይበላል?
ገጽ አንድ ላይ ተነሣ፤ ገጽ መቶም ላይ ይበራል፤
ውኃ አልጠጣ፣ ጭድ አልቀመሰ፣ ፋንድያ እንኳ አልጣለ፤
የአባቴ ፈረስ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ጌታውን በጣለ።
ክንፉስ ይሁን፤ ሆዱ የት አለ?
ጥሩዓለም ሽብሬ፣ አምስተኛ ለ።»

ውጭ ካፊያ ነበር። ከአስፋልቱ መሐል፣
ባለጋሪ የተወው፣ ጀርባው የቆሰለ ቦራ ቆሟል፤
ሲኖትራክ ሲጮኽበት ጆሮውን ብቻ ያወዛውዛል፣
እንደ ጡረተኛ፣ ባንክ ደጅ፣ ተራውን ይጠብቃል።
«ከሰኞ ጀምሮ» አልኩ «ባለቤቱም አልቀረበ።»
«ስሙስ?» አሉኝ።
እንጃ። ታርጋው የጋሪው ነው፤ የፈረሱን ማን ከተበ?

በሳምንቱ አዲስ ምዕራፍ፦ ዳማው ከጉሙ ወርዷል፣
ክንፉ ረጥቦ ከብዶታል፣ ከዋሻው አፍ ደርሷል፤
እዚያ፣ ሰው አስፋልት ላይ የተዋቸው፣ ጉራቻው፣ ሐመሩ፣ ባለቁስሉ ቦራ፣
ሌሊት ሌሊት ይሰለፋሉ፣ አንድ በአንድ ስማቸው ሲጠራ።
እየተየብኩ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሰባት ስም። አንዱም አልተደገመ።
የሒሳብ ሰው ናቸዋ፤ ከመዝገቡ ማንም ሳይጎድል ተፈጸመ።

ግን ጭድ የለም፣ ገብስ የለም፣ ገንዳ የለም።
ረስተውት ይሆን? አልጠየቅኩም።
በገጹ ላይ የለም፤ ነጠላቸው ጥለት ላይ ግን አየሁ ሁለት ሰበዝ ጭድ፤
ቦራውም ከአስፋልቱ ጠፍቷል፤ ፋንድያው ብቻ አለ በመንገድ።

እሳቸው ደጅ ወጥተው ሲያወጉ ከባለሱቁ ጋር፣
ከሃያ ሰባተኛው ስም በኋላ፣ ከመስመሩ ዳር፣
ሁለት ቃል ሸጎጥኩ፣ አሥር ብር ያልተከፈለበት፦
«ገብስ በሉ»። አራት ነጥብም አደረግኩበት።

ገጹን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፤
ደግመው አነበቡ። ምንም አላደረጉ።
ሒሳቤን ከፈሉ፣ ሳንቲም አላጎደሉ፤
ከደጁ ግን ዞር ብለው፣
«ስንት ቁና?» አሉ።