ዕዳ ከሜዳ

ቅዳሜ ወረድን። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤
ዝናቡም እንደኛው ሲወርድ ነው ያደረው።
ከቢሮዬ መስኮት ሜዳው ወለል ብሎ፣
ያባቴ ስም ከጣራው ከነዝገቱ ተንጠልጥሎ፤
«ኦርመሮድ ምንጣፎች» — አንዷ ፊደል ወልቃ
ከሰሜኑ ወንበር ሥር ተኝታለች በጭቃ።

ናዝሊን፣ ሒሳብ ሹሜ፣ መነጽሯን ወልውላ፣
ፊቴ ተቀመጠች ዶሴዋን አዝላ።
«መንገድ ሞልቷል» አለች፣ «ይኸውልህ ዊልፍሬድ፤
የቀረህ መምረጥ ነው በየቱ እንደምትወርድ።

ልጁን ሽጠው» አለች፣ «ኪየረን ይሸጥ፤
እስከ ገና ድረስ ደሞዝ እንዳይቋረጥ።»
ኪየረን ማለት ያ፣ ገና በዘጠኝ ዓመቱ
በጀርባ አጥር ሾልኮ በነጻ መግባቱ
ቢያስመርረው ጊዜ ሜዳ ጠባቂውን፣
ሴልዊን ጆሮውን ይዞ ኳስ አቀባይ ያረገው። አሁን
ግራ እግሩ ዋጋ አወጣ፤ ቀኙ ነው ምርቃት።
እናቱ ቲኬት ቆራጭ፤ ማን ነው የሚነግራት?

«ሊጉ ለወደቀ የሚሰጠው ዣንጥላ
አለ» አልኳት። «አለ» አለች፣ «ግን አምና ተበላ።
አጥቂ ገዛህበት፤ ጉልበቱ ተፈታ፤
አንዲት ጎል አገባ፣ እሱንም በእኛው ላይ፣ በዝናብ፣ በማታ።»

«ባንክስ?» ስላት ሳቀች። ስትስቅ ታስፈራለች።
«ባንክ ሣር አያይም፤ ካሬ ነው የሚለካው» አለች።
«አስይዘው፣ ይሰጣል። ካልከፈልክ በኋላ ግን
ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ መኪና ይቆማል፤
ማዕዘን ባንዲራው ጋ ቲማቲም ይመዘናል።»

ለፍርድ ቤት ብንሰጠው፣ ኪሳራ ብናውጅ፣
ሊጉ ነጥብ ይቀንሳል፤ ገና ሳይጀመር
ዐሥራ ሁለት ቁልቁል ከዜሮ መቆጠር።
ሥጋ ሻጩ ሃርግሪቭስም፣ ለእሑድ ለቅዳሜው
ስንት ዓመት ሙሉ በዱቤ ያበላን ሰውዬው፣
ከየፓውንዱ ሃያ ሳንቲም ደርሶት፣ ዝም ይበል?
በመንገድ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣል።

ገዢም አለ አንድ፤ ጀልባ ላይ የሚኖር፣
ስሙን ሦስት ጊዜ በሦስት አገር የቀየረ።
ክለቡን ባንድ ፓውንድ። ዕዳውን እንደነበረ።
(ሳንቲሙን በፖስታ፣ አሽጎ፣ ልኮታል፤
መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ መሐል፣ ይንኳኳል።)

ዕዳ ከሜዳ ሲሉ እሰማ ነበረ፤
ሜዳውን ሳልገዛ፣ ገና በልጅነቴ፣
እኔን ያሉ አልመሰለኝም።

«ሌላስ?» አልኳት። ናዝሊን ዶሴዋን ከደነች።
«ቤትህ» አላለችም። ዝም ብላ አየችኝ።
ሞይራ ባለፈው ክረምት ጣራ ያሳደሰችው፣
ሰማያዊውን ሸክላ ለመታጠቢያ ቤቱ
ከፖርቱጋል ድረስ መርጣ ያስመጣችው።
ካርታው በኔ ስም ነው።
አንዴ አስይዤዋለሁ። አታውቅም።

በሩ ተንኳኳ። ሴልዊን። ቦቲው ጭቃ በጭቃ፤
ከደፉ አላለፈም፣ የአባቴን ምንጣፍ ፈርቶ።
«የሣር ዘር ነው» አለኝ ደረሰኙን ጨብጦ፤
«ጎል አፍ ላይ ያለው ሁሉ አልቋል ተረግጦ።
ሦስት መቶ አርባ ፓውንድ። አሁን ካልተዘራ፣
ነሐሴ ስንከፍት ጨዋታው ከጭቃ ጋራ።»
«ለየትኛው ሊግ ነው የምትዘራው?» አልኩት።
«ሣር ነው፣ ጌታዬ» አለ፤ «ሊጉን አልጠየቅኩት።»

ብዕር አወጣሁ።
ከጧት ጀምሮ ከተዘረጋው ወረቀት ሁሉ
ያችን ብቻ ፈረምኩ።
ናዝሊን ቀና ሳትል፣ «ወጪ ነው ወይስ ንብረት?
በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?» አለች። መልስ ጠፋኝ።

ሴልዊንን አየሁት በመስኮቱ በኩል፣
ዘሩን ሊያዝ ሲሄድ፣ በዝናቡ መሐል፣
አቋራጩን ትቶ፣ ዳር ዳሩን ሲዞር፣
ሣሩን ላለመርገጥ።